የሱፓ ኢንግሌዜ ጣጣ

ምትኩ ጥርሱን የተነቀለ ዕለት ተናኘ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅርንፉድ ስታስነክሰው፣ በሞቀ ጨርቅ ጉንጩን ስትተኩስለት፣ ሲያቃስት አብራ ስታቃስት ኖራለችና፣ የላይኛው ጥርሱ እንዳለ ወጥቶ «ድድዎ ሲጠግግ ሰው ሠራሽ ይሠራልዎታል፤ ወረፋ ይጠብቁ» ተብሎ ሲመለስ፣ «እፎይ፣ ተገላገልን!» ብላ ለማርያም የተሳለችውን ጧፍ አስገባች። መገላገል አለመሆኑን ያወቀችው ሳምንት ሳይሞላ ነው።

ሰውየው ሰው ፊት መታየት ነፍሱ ነበር። እዚያው ነፋስ ስልክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ነው፤ የካኪ ሱሪው መስመር ሽንኩርት ይከትፋል። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ሰው ዝም ይልለታል። አሁን ግን ከንፈሩ ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ «ሰ» ያለው ሁሉ «ሸ» እየሆነ ይወጣበት ጀመር። የሐኪም ፈቃዱን ኪሱ ከተተና ቤቱ መሸገ። እድርተኛ ደጅ ላይ ድምፁ ሲሰማ ገና «የለም በይ!» ብሎ መኝታ ቤት ይገባል። ተናኘም «የለም» ትላለች፤ ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ግን ከደጅ ይሰማል።

እሷ ጠዋት ጠዋት የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናት። አፍንጫ ስትጠርግ፣ የተቧቀሱትን ስታገላግል፣ አልበላም ያለውን ስትለማመጥ አርፍዳ ቤቷ ስትገባ፣ ሌላ አልበላም የሚል ይጠብቃታል።

«የሰው ልጅ ሁሉ አብልቼ ስመጣ ትልቁ ሕፃን ቤቴ ተቀምጦ ነው የማገኘው» አለቻት አንድ ቀን ግድግዳ ለምትጋራት ጎረቤቷ ለቀመሪያ።

«ያውም ጥርስ ያላበቀለ!» ብላ ቀመሪያ ሳቀች።

ገንፎ ብታገነፋለት «አራስ ነኝ እንዴ?» ይላል። አጥሚት ብታፈላለት «በሽተኛ አደረግሽኝ» ይላል። እንጀራውን በሽሮ አልማ ፈትፍታ ብታቀርብለት ሁለት ጊዜ ይጎርስና ወደ መስኮቱ ይዞራል። መጀመሪያ አዘነችለት። ቀጥሎ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ እየቀጠነ ሲሄድ አይታ ፈራች። በመጨረሻ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደሟ ይፈላ ጀመር።

እንዲህ እንዳሉ፣ ፋሲካ አልፎ ጾም በሌለበት በግንቦት ወር አንድ ከሰዓት፣ ምትኩ ከመስኮቱ ሳይዞር፣

«ምን አማረኝ መሰለሽ?» አላት።

ተናኘ የምታጥበውን ሳህን ጣል አደረገችው። «አማረኝ» የሚል ቃል ከዚያ አፍ ከወጣ ስንት ጊዜው!

«ንገረኝ ብቻ። ምን ላምጣልህ?»

«ሹፓ ኢንግሌዜ።»

«ምን?»

«ሹ... ሱፓ ኢንግሌዜ! የጣሊያን ነው። የእንግሊዝ ሾርባ እንደ ማለት ነው።»

ሾርባ የሚለውን ከሰማች ሌላውን አልጠበቀችም። ነጠላዋን አንሥታ ሥጋ ቤት ወረደች፤ ቅልጥም ለምና አስመዘነች፤ ካሮቱን፣ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን ከትፋ እስኪመሽ ድረስ ስትቀቅል ቆየች። በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ፣ እንፋሎቱ እየተንቦለቦለ ፊቱ አስቀመጠችለት። ምትኩ ሳህኑን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሾርባህ ነዋ!»

«እኔ ሾርባ አልኩ?»

«የእንግሊዝ ሾርባ አላልክም?»

«ስሙ ነው እንጂ! ጣፋጭ እኮ ነው። ከምግብ በኋላ በማንኪያ የሚበላ። ከሥር ለስላሳ ኬክ፣ በላዩ ቢጫ ክሬማ፣ እንደገና ኬክ፣ እንደገና ክሬማ... ኬኩ ቀይ ነገር ጠጥቶ ይርሳል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ጥርስ አይፈልግም፤ ራሱ ይሟሟል።»

«እና ጣፋጩን ሾርባ ያለው ማነው?»

«ጣሊያን።»

«እንግሊዝስ ምን ቤት ነው?»

ምትኩ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ሾርባውን ሁለቱ ልጆቻቸው ጠጡት፤ ሳህናቸውን ልሰው «ነገም ይደገም» አሉ።

ያን ጊዜ ስኳር እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በኮታ ይመጣል፤ ሲመጣ ሰልፉ ከሱቁ በር እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ የማይመጣበትም ወር አለ። ተናኘ የወሩን ስኳር ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምታኖረው። ያንን ሳጥን ከፈተች። ቀመሪያ ከዶሮዎቿ እንቁላል ሰጠቻት። ጠዋት ጠዋት ከላፍቶ በኩል ወተት ይዘው የሚመጡትን አዴ ሞልቱን ደግሞ «ዛሬ ጨምሩልኝ» አለቻቸው።

«ልጅ ተወለደ እንዴ?» አሏት አዴ ሞልቱ እየቀዱላት።

«ባሌ ነው የተወለደው!» አለች ተናኘ።

ከሰሉን አቀጣጥላ ምድጃው አጠገብ ቆመችና፣ «እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለችው።

ምትኩ ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። «እኔ ምን አውቄ! የሴት ሥራ አይደለም? ቢጫ ነው። ሲነኩት ይንቀጠቀጣል።»

«ቢጫ ነው፣ ይንቀጠቀጣል» እያለች እንቁላሉን ከነስኳሩ መታች፤ ወተቱን ገለበጠች፤ ዱቄት ነሰነሰች፤ ከሰሉን አራገበች። ከድስቱ የወጣው ስኳር የገባበት የእንቁላል ፍርፍር ነው።

ምትኩ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም። እሳቱ በዝቶበታል።»

«ምን አልክ?»

«አይደለም ነው ያልኩሽ።»

በማግሥቱ ከሰሉን ቀንሳ ደገመችው፤ አሁን ደግሞ ቀጥኖ አጥሚት ሆነ። «አይደለም።» ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ከሥሩ አረረ፤ ቤቱ በጭስ ታፈነ። «አይደለም። ወተቱ እኮ ቀድሞ መሞቅ...» ብሎ ጀመረና አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሳለ። ተናኘ ሰምታዋለች፤ ነገር ግን የደከመ ሰው የሰማውን ሁሉ አያመዛዝንም። እሷ ታስብ የነበረው እየጎደለ ስለሚሄደው ስኳር ነው።

ቅዳሜ ነጠላዋን ለብሳ ፒያሳ ወጣች። አንድ የቆየ ኬክ ቤት ገብታ ስሙን እንደ ምንም ብላ ስትነግረው፣ ጸጉሩ የሸበተው አሳላፊ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ፊቱን ጣለ።

«ሱፓ ኢንግሌዜ! ወይ ጊዜ! እሱማ ባለቤቶቹ ሲሄዱ አብሮ ሄደ፣ እናቴ። ቅቤው የታለና? መጠጡስ የታለና? ይኸው ሚልፎሊውም ሊቀር ነው።»

ማዕዘኑ ላይ ሻይ ይዘው የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ጆሯቸው ቆመ።

«ከላዩ ቸኮላት የሚፈስበት አይደለም?» አለ አንዱ።

«ቸኮላት? እንቁላሉ ተመትቶ ነጭ አረፋ ነው የሚደረግበት!»

«አንተ የበላኸው ሌላ ነው። እኔ ልጄን ክርስትና ያስነሣሁ ለት፣ በዚያ በደጉ ጊዜ...» ሲል ጓደኛው ወደ በሩ ተመልክቶ በክርኑ ጎሰም አደረገው። ሁለቱም ሻያቸው ላይ አቀረቀሩ።

ተናኘ ባዶ እጇን ላለመመለስ ክሬም የተቀባ ኬክ ካርቶን ውስጥ አስደርጋ ገዛች። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ክርኑን ካርቶኑ ላይ አሳርፎ እስከ ቄራ ድረስ ተኛባት። ቤት ስትደርስ ምትኩ ክዳኑን ከፍቶ አየና፣

«አይደለም» አለ።

«አለመሆኑን አውቃለሁ!» ብላ ጮኸች ተናኘ። ልጆቹ ከደጅ ሮጠው መጡ። «አለመሆኑንማ እኔም አውቃለሁ! አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም! የሚሆነውን ንገረኛ!»

ምትኩ ደነገጠ። እንደ ማባበል ብሎ ድምፁን ለሰለሰ።

«አትቆጪ እንጂ... ጎፋ ቤት ሳለን እኮ በየእሑዱ ነበር። ትልቁ የብርጭቆ ሳህን ሙሉ። እንግዳው ሁሉ ማንኪያውን ይልስ ነበር።»

ጎፋ ቤት ሳለን።

ተናኘ የካርቶኑን ክዳን መልሳ ገጠመችው። ጎፋ ቤት ሲኖር እሷ አልነበረችማ! ጎፋ ቤት የነበረችው ውዳሴ ናት፤ የቀድሞ ሚስቱ። ልጅ ሳይወልዱ ተለያይተው፣ እሱ ከተናኘ ጋር ከተጋባ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የውዳሴ ስም በክፉም በደግም በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነላት። ስኳሯ ያለቀው፣ ጣቷ የተቃጠለው፣ ፒያሳ ድረስ የተንከራተተችው ለሌላ ሴት እጅ ናፍቆት ነው!

ካርቶኑን ለልጆቹ ሰጥታ በቀጥታ ቀመሪያ ቤት ገባች።

«የእሷን እጅ ላስመስል ነው ሳምንት ሙሉ የተንጨረጨርኩት!»

ቀመሪያ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ሂጂና ጠይቂያት» አለች።

«ማንን? ጣውንቴን?»

«ምን ጣውንትሽ ናት! ቀድማሽ የተገላገለች ናት እንጂ። የኔው ከድርስ ቢሆን! የእናቴ ክትፎ እንዲህ አልነበረም፣ እንዲያ አልነበረም እያለ አንጀቴን ሲያሳርረው፣ አገር ቤት ድረስ ወርጄ ከራሳቸው ተምሬ መጣሁና አፉን ዘጋሁት። ተማሪና ዝጊው።»

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ቀመሪያ «ሆዷን አሟት ነው» ልትልላት ተስማሙና ተናኘ በጓሮ መንገድ ወደ ጎፋ ተሻገረች።

ውዳሴን ማግኘት አላስቸገረም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ደጃፏ ላይ በስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጋረጃ ትሰፋለች፤ ሰፋ ያለች፣ ፊቷ የማይጨማደድ ሴት ናት።

«ጤና ይስጥልኝ። ወይዘሮ ውዳሴ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ቀሚስ ነው?»

«አይደለም። እኔ... የምትኩ ባለቤት ነኝ።»

መኪናው ቆመ። ውዳሴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አልሞተም!»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

ተናኘ ተቀመጠችና ነገሯን ከጥርሱ ጀመረች። ውዳሴ ከንፈሯን ነክሳ ለማዘን ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ያ ጥርስ? መስታወት ፊት ቆሞ መፋቂያ የሚጨርስበት ጥርስ?» አለችና መጋረጃውን አፏ ላይ አደረገችው።

«እና የመጣሁት እንዲያስተምሩኝ ነው» አለች ተናኘ፣ ኩራቷን እንደ ምንም ዋጥ አድርጋ። «ሱፓ ኢንግሌዜ የሚሉትን። እሑድ እሑድ ይሠሩለት የነበረውን።»

ውዳሴ መጋረጃውን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ሳቋ ከሆዷ ተነሥቶ ትከሻዋን፣ መኪናውን፣ መቀሱን ሁሉ አንቀጠቀጠው።

«እኔ? እኔ ልሠራለት? የኔ እናት፣ እኔ እንቁላል መቀቀል እንኳ ያወቅሁት ከእሱ ነው! የሚሠራው እሱ ነው።»

«ማን?»

«ምትኩ ነዋ! ጣሊያኖቹ ዘንድ ምን ነበርኩ ብሎ ነው የነገረሽ?»

«ሾፌር።»

«ሾፌር! መሪ ጨብጦ አያውቅም። አንድ ኮንትራክተር ጣሊያን ቤት ወጥ ቤት ነበር። የጣሊያኑ ሚስት ጣፋጩን ሁሉ አስተማረችው፤ ኋላ እሷኑ በልጧት ተገኘ።»

ተናኘ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «እሳቱ በዝቶበታል» ያለው፣ «ወተቱ ቀድሞ መሞቅ» ብሎ የዋጠው፣ አሁን አንድ በአንድ መጣላት።

«የሴት ሥራ ነው አለኝ!» አለች። «ቢጫ ነው፣ ይንቀጠቀጣል ብሎ ሦስት ጊዜ አሳረረኝ!»

«ይላላ! እኔንስ?» የውዳሴ ሳቅ እየቀነሰ ሄደ። «እሑድ እሑድ በሩን ቆልፎ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ ውዳሴ ናት የሠራችው ይላል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ምስጋና ማን ይጠላል? የእኅቴ ቀለበት ለት ግን የእጮኛዋ ዘመዶች ከበቡኝና እስቲ አሠራሩን ንገሪን አሉኝ። ዱቄቱን እበጠብጥና... ብዬ ቀረሁ። ሳቁብኝ። ከኬክ ቤት ገዝታ ነው ሠራሁ የምትለው፣ ቀጣፊ ናት አሉ፤ እኅቴ ፊት፣ እናቴ ፊት። እሱ ከጓዳው በር ኋላ ቆሞ ይሰማል። እግሩ ከመጋረጃው ሥር ይታየኛል። እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ አንድ ርምጃ ቢወጣልኝ...»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አልወጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ ምክንያት ተቆጠረ፤ ሽማግሌም ተቀመጠ። እኔ ግን ከእሱ የተለየሁት ያን ለት ነው።»

ልትጠላት ተዘጋጅታ የመጣችባት ሴት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ የተናኘን የራሷን ነገር ነው የምትነግራት የመሰላት። ስትነሣ ውዳሴ እስከ መንገዱ ሸኘቻት።

«ከሠራው ለኔም አንድ ጭልፋ አስቀሪልኝ» አለቻት። «ምስጋናውን ጠግቤዋለሁ። ራሱን ግን እንግዳ እየጨረሰብኝ በቅጡ ሳልቀምሰው ነው የወጣሁት።»

ተናኘ ከጎፋ እስከ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ይሁን በንዴቷ አታውቀውም። ምትኩ እንደ ለመደው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

«ተነሥ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ምድጃው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት?»

«ውዳሴ ሰላም ብላሃለች።»

ምትኩ ሊነሣ የጀመረው ተመልሶ ቁጭ አለ። ረጅም ጊዜ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ።

«ምን አለችሽ?»

«የሆነውን።»

«ተናኘ... እኔ እኮ የእድር ሰብሳቢ ነኝ። ሰው ምን ይላል? ወጥ ቤት ነበር ቢባል...» አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ ደመወዜን ይዤ አገር ቤት የገባሁ ጊዜ አባቴ ምን ሥራ ያዝክ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። እጄን ይዞ አሸተተና ሽንኩርት ሸተትከኝ ብሎ ከማዕድ አስነሣኝ። ወንድሞቼ እያዩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ተናኘ ይህንን ስትሰማ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ልትነካው ሁሉ ቃጥቷት ነበር። ግን የተቃጠለው ጣቷ ትዝ አላት።

«አባትህ ያስነሡህ ያሳዝናል» አለች። «ስኳሬን ያስጨረሱኝ ግን አባትህ አይደሉም። ነገ ትሠራለህ።»

ምትኩ በሩ ተዘግቶ ከሆነ ብቻ ብሎ ተስማማ። በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ ከሰሉን ሳሎን ድረስ አስገብቶ፣ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፣ በከሰሉ ጭስ ታፍኖ ሊሞት ደርሶ አገኘችው። መስኮቱን በረገደችው። ቀመሪያ ከኮታዋ ያበደረቻትን ስኳር ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

እጅጌውን ጠቀለለ። ዐሥራ ሦስት ዓመት የምታውቀው እጅ ሌላ እጅ ሆነባት። እንቁላሉን በአንድ እጁ ሰብሮ አስኳሉን ከቅርፊት ወደ ቅርፊት እያዛወረ ነጩን ለየው። ወተቱን የሎሚ ልጣጭ ጥሎበት አሞቀ። ኬኩን በብረት ድስት ውስጥ ጋገረው፤ ፍም ከሥርም ከክዳኑም በላይ አድርጎ። ክሬማውን ሲያማስል ትንፋሹን እንኳ የያዘ ይመስላል። አፉ ግን አላረፈም።

«ሹካ! ሌላ ሹካ! ይሄ ሽንኩርት ይሸታል! ማሰሮውን በዚህ ነው የምታጥቢው? ንጹሕ ጨርቅ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

«ምትኩ፣ በዚህ ጭልፋ ነው የምልህ!»

ቀዩን መጠጥ ከየት ያመጣል? ከርከዴ በስኳር አፍልቶ አረቄ ጠብ አደረገበትና ኬኩን አራሰው። አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ግን ለብቻ አስቀመጠ። «ይቺ ለቀመሪያ ናት፤ አረቄ አልነካትም። እንቁላሉ የእሷ አይደል?» አለ። ሲጨርስ ሁሉንም በጨርቅ ከድኖ ቀዝቃዛው ወለል ላይ አኖረው።

ተናኘ ማንኪያ ይዛ ቀረበች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ማደር አለበት!»

«ማደር?»

«ካላደረ ሱፓ አይደለም።»

ያን ሌሊት ተናኘ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

በማግሥቱ ከሰዓት ቀመሪያ መጣችና ሳህኗን ተቀበለች። አንድ ማንኪያ ጎረሰች፤ ማንኪያውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

«ወይ ተናኘ! እጅሽ ይባረክ! ይሄንን ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ...»

ተናኘ ምትኩን አየችው። ምትኩ ኮርኒሱን አየ። ለመጠበቅ ትዕግሥቱም አቅሙም አልነበራትም።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «እሱ ነው የሠራው።»

«ጋሼ ምትኩ?»

ቀመሪያ ሳቋ ሲያመልጣት ምትኩ ጥርስ አልባ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ መኝታ ቤት ተነሣ። መጋረጃውን ገልጦ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር።

«ኧረ ይቆዩ! የት ይሄዳሉ?» አለች ቀመሪያ። «ይሄ ጠረኑ ምንድን ነው? ሎሚ ጨምቀውበት ነው?»

መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ቆየና ከጀርባው ድምፅ መጣ።

«ልጣጩ ነው። ጭማቂው ከገባማ ወተቱን ይበጣጥሰዋል።» ዞረ። «ልጣጩም ቢሆን ነጩ ክፍል መምጣት የለበትም፤ ይመርራል። አረንጓዴው ብቻ፣ ስስ ተደርጎ...»

ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው! ስለ እሳቱ፣ ስለ አስኳሉ፣ ሹካ እንዴት እንደሚያዝ ሲያወራ ቀመሪያ ሳህኗን ጨርሳ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ዶሮዎቿን ልታስገባ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ተናኘ በመጨረሻ የራሷን ቀመሰች። ይሄን ሁሉ ያለፋት ይሄ ነው?

«ስኳር በዝቷል» አለች።

«አልበዛም!»

«በዝቷል እንጂ።»

«ምላስሽ ሽሮ ስለለመደ ነው!»

«ሽሮውን ማን ሠርቶ አበላህ፣ አንተ ሰው? እንግዲያው የዛሬውን እራት አንተው ሥራዋ!»

ሠራ። ሽሮ ግን አይችልም ነበር፤ ጓጎለበት፤ ልጆቹ እየተሳሳቁ በሉት። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብላ ነበር ተናኘ፤ ባሰ እንጂ መች አበቃ! ሰውየው ምድጃዋን ያዘባት። ቢላዋው ደነዘ ይላል፤ ድስቱ አልታሸም ይላል፤ ወተት ስታፈላ ከኋላዋ ቆሞ «ቀስ!» ይላል። «የጥርሱን ወረፋ አፍጥኝልኝ» ብላ ወደ ማርያም ጸለየች። አንድ እድርተኛ ደጅ ላይ ቆሞ «ሰብሳቢያችን ማድ ቤት ገቡ አሉ» ብሎ የሳቀ ጊዜ ምትኩ ሁለት ቀን ከመኝታ ቤት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ማዶ ቀመሪያ እንቁላል ስትመታ ሰማ። ጥቂት ታገሠ። ከዚያ ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው።

«ሹካውን አዘንብዪው፣ ቀመሪያ! አዘንብዪው! እንዲህማ አየር አይገባውም!»

ስኳር እንደገና በመጣ ጊዜ እንደገና ሠራ። ጠዋት ተናኘ ክዳን ባለው ሳህን አንድ ሁለት ጭልፋ ስታወጣ ደረሰባት።

«ለማን ነው?»

«ለውዳሴ። ጠይቃኝ ነበር።»

ምትኩ ሳህኑን ከእጇ ወሰደ። መልሶ ሊገለብጠው መስሏት ነበር። እሱ ግን ከትልቁ ሳህን መሐል፣ በደንብ ከራሰው፣ አንድ ድርብ ቆርጦ ጨመረበት፤ ፊቱን በቢላዋ አስተካከለ፤ ጠርዙን በጨርቅ ጠረገ፤ ከድኖ በንጹሕ መሐረብ ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

«ምን ልበልልህ?» አለችው ተናኘ።

ብዙ አሰበ። «ምንም አትበያት... የእኅቷ ቀለበት ለት...» ብሎ ጀምሮ ቋጠሮውን እንደገና አጠበቀው።

«ራስህ ንገራታ!»

«ጥርሴ ይድረስ እስቲ።»

«ወይ ጥርስ! ወይ ጥርስ!» ብላ ሳህኑን ነጥቃው ወጣች። ቦኖው ዙሪያ ሰፈሩ በሞላ ባልዲውን ይዞ ተሰልፏል። ገና አጥሩን ሳትሻገር ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ምትኩ በሸሚዙ ብቻ፣ እጅጌውን እንደ ጠቀለለ፣ ክሬማ ክንዱ ላይ እንደ ደረቀ፣ ከበሩ ወጥቶ መንገዱ መሐል ቆሟል።

«ተናኘ! ሻህኑን አታዘንብዪው! በሁለት እጅሽ ያዢው!»

ተሰላፊው ሁሉ ዞረ።

«ሰው ያይሃል፣ ግባ!» አለች በጥርሷ መሐል።

«አቋርጠሽ አትሂጂ፣ ዳገቱ ይንጠዋል! በአስፋልቱ ሂጂ!»

ተናኘ ሳህኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ እየተነጫነጨች፣ ረጅሙን የአስፋልቱን መንገድ ያዘች።